ኮምፕሬሰሩ አልይዝ ሲል፤ ከጋዝ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት፣ በተለይም ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርዱ መኪናዎች ላይ፣ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ እሮሮ አለ። ይኸውም «ማቀዝቀዣው ነፋስ ይሰጣል እንጂ አይቀዘቅዝም፤ ኮምፕሬሰሩ አልይዝ ብሏል» የሚል ነው። ይህን እሮሮ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» የሚል ነው። ጋዝ ይሞላል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ መኪናው ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ያው ሙቀት፣ ያው እሮሮ። ሁለተኛ ሙሊትም ካልረዳ «እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ይባላል። የኮምፕሬሰር ዋጋ ደግሞ የአንድ መምህርን የወራት ደመወዝ ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው አንድ ዋና ነገር ነው። አልይዝ ያለ ኮምፕሬሰር ሁሉ የተበላሸ ኮምፕሬሰር አይደለም። ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ያዝ» የሚለው ትእዛዝ ሳይደርሰው ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ትእዛዙ ሳይደርሰው ቀረ ወይስ ደርሶት እምቢ አለ?» የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ትንሽ ሪሌ ዋጋና የአንድ ኮምፕሬሰር ዋጋ ያህል ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። የመኪና ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን ከየትም አያመጣም፤ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ይጥላል። ሸክሙን የሚሸከመው ጋዙ ሲሆን፣ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዘዋውረው ኮምፕሬሰሩ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ነው። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ቺንጋው ከኮምፕሬሰሩ ፊት ያለውን ፑሌጃ ያዞራል። ነገር ግን ፑሌጃው ዞረ ማለት ኮምፕሬሰሩ ሠራ ማለት አይደለም፤ ፑሌጃው በኩሽኔታው ላይ ብቻውን ሲዞር ሊውል ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ማግኔቲክ ክላች የሚባለው ክፍል ነው። ማርሽ ስንቀይር የምንረግጠው የፍሪሲዮን የሩቅ ዘመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ ክላች ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ታሪኩ ራሱ መልሱን ይሰጠናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ገደማ የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው መኪናዎች ለገበያ ሲያቀርብ ክላች አልነበራቸውም። ብርድ ብርድ ያለው ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። ሲሞቀው ደግሞ ወርዶ መልሶ ማጥለቅ!

በፑሌጃው ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ተቀምጧል፤ መካኒኮች ኮይል የሚሉት ነው። 12 ቮልት ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና ከፊቱ በጥቂት ክፍተት የቆመውን የብረት ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። ሳህኑ ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር የታሰረ ስለሆነ ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ መዞር ይጀምራል። በመያዣው ቅጽበት የምንሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት ማግኔታዊ ኃይል እንዳለው ዴንማርካዊው ኧርስቴድ በ1820 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳየውን ትምህርት፣ በየክፍሉ ሚስማር ላይ ሽቦ ጠምጥመን በባትሪ ድንጋይ የምናሳየውን ማለት ነው፣ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ወደ ምርመራው እንለፍ። ምርመራ በዓይንና በጆሮ ይጀመራል። ሞተሩ ይነሣ፣ የውስጡ ማራገቢያ ይከፈት፣ ከዚያ የኤሲው ቁልፍ ይጫን። ማራገቢያው ካልተከፈተ በብዙ መኪናዎች ትእዛዙ ጭራሹን አይተላለፍም፤ በዚህ ብቻ «ተበላሸ» የተባለ ማቀዝቀዣ ጥቂት አይደለም። ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ የኮምፕሬሰሩን የፊት ሳህን ማየት ነው። ፑሌጃው እየዞረ ሳህኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ አልያዘም። ይይዝና ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። ሲቀዘቅዝ ይዞ ሲሞቅ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ በሽታ ነው። መካኒኩ ዘንድ ስንሄድ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መናገር ከቻልን ግማሹን ሥራ ሠርተንለታል፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በነገራችን ላይ፣ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ነጠላ፣ ከረባት ወይም የተለቀቀ ጸጉር ወደ ቺንጋው ይዞ መጠጋት ፈጽሞ አይገባም።

ሳህኑ ካልዞረ የሚቀጥለው ሥራ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄደውን የሽቦ ሶኬት መንቀል፣ የመሞከሪያ አምፖል ወይም ቴስተር በዚያ ላይ ማገናኘት፣ ሽቦዎቹን ከቺንጋው አርቆ ሞተሩን ማስነሣትና ኤሲውን መክፈት ነው። አምፖሉ በራ? ቴስተሩ ከ12 እስከ 14 ቮልት አሳየ? መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

በርቷል እንበል። ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው፤ እምቢ ያለው ክላቹ ነው። በዚህ ጊዜ ጋዝ መሙላት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሞተሩን አጥፍተን የኮይሉን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቴስተር እንለካለን። ብዙዎቹ የ12 ቮልት ኮይሎች ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያሉ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦው እርስ በርሱ ተነካክቷል፤ ፊውዝ በየጊዜው የሚያቃጥል መኪና ላይ አንዱ ጥርጣሬ ይህ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚቀየረው ኮይሉ ሲሆን፣ በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ ጋዙ ሳይለቀቅ ሊወጣና ሊገባ ይችላል። «ኮይል ብቻውን አይቀየርም» የሚል መካኒክ ቢያጋጥም ሌላ መካኒክ መጠየቅ አይከፋም።

ኮይሉ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝስ? ያን ጊዜ ክፍተቱን ማየት ነው። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ክላቹ በያዘና በለቀቀ ቁጥር ፊቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚበላ ክፍተቱ እያደር ይሰፋል። የማግኔት ኃይል ደግሞ ርቀት ሲጨምር በፍጥነት ይደክማል። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ደኅና ይቀዘቅዝ የነበረ ሚኒባስ ከ1300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መተሐራ ሲደርስ፣ ያውም ቅዝቃዜው የሚፈለግበት ሰዓት ላይ፣ ኮምፕሬሰሩ ይለቃል። ማታ ቀዝቀዝ ሲል መልሶ ይይዛል። ሾፌሩ «ይሄ መኪና ይቀልድብኛል» ይላል፤ ጋራዥ ሲያመጣው ደግሞ በሽታው አይታይም።

ነገሩ ወዲህ ነው። መዳብ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ጭማሪው በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ 3.6 ኦም የሆነ ኮይል ከሞተሩ ሙቀት ጋር ተደምሮ 100 ዲግሪ ቢደርስ ተቃውሞው 4.7 ኦም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የኦምን ሕግ እናስታውስ። 12 ቮልትን ለ3.6 ስናካፍል 3.3 አምፔር፤ ለ4.7 ስናካፍል ግን 2.5 አምፔር ገደማ ብቻ እናገኛለን። ጅረቱ በሩብ ያህል ቀነሰ፣ ማግኔቱም በዚያው ልክ ደከመ። ክፍተቱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ የደከመውም ማግኔት ሳህኑን ይስበው ነበር፤ ክፍተቱ ስለሰፋ ግን አልቻለም። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ እንደጋለ አጥፍቶ ኮይሉን በፊውዝ በተጠበቀ ሽቦ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው። «ጠቅ» ካላለ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ሳህኑን በእጅ ወደ ፑሌጃው ገፋ ማድረግ፤ ያን ጊዜ ተጣብቆ ከቀረ በሽታው ክፍተቱ ነው። መድኃኒቱም ሳህኑን ፈትቶ ከኋላው ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዱን ማውጣትና ክፍተቱን እንደገና መለካት ነው። ወጪው የሥራ ዋጋ ብቻ! ሁለት ጊዜ ጋዝ ከተሞላለትና ኮምፕሬሰር ግዛ ከተባለ በኋላ በአንዲት ሮንዴላ የዳነ ሚኒባስ እናውቃለን። ጋራዡን መጥቀስ አያስፈልግም።

ኮምፕሬሰሩ በእርግጥ የሞተ እንደሆነም የሚታወቅበት መንገድ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ሳህኑ በእጅ ሲዞር ጠንከር እያለም ቢሆን መዞር አለበት። ፈጽሞ አልነቃነቅ ካለ ውስጡ ተቆልፏል። እንዲህ ያለው ኮምፕሬሰር ሲይዝ ቺንጋው ይጮኻል፣ የጎማ ሽታ ይሸታል። በአንዳንድ የቶዮታ መኪናዎች ላይ ኮምፕሬሰሩ ከቺንጋው ጋር እኩል አለመዞሩን የሚያውቅ መሣሪያ ስላለ የኤሲው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከመካኒኩ ጋር ክርክር የለንም።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ እንመለስ። አምፖሉ አልበራም፤ ትእዛዙ አልደረሰም። ትእዛዙ ከቁልፉ ተነሥቶ ኮምፕሬሰሩ እስኪደርስ በብዙ ዘበኞች መካከል ያልፋል፤ ከእነርሱ አንዱ «አይሆንም» ካለ መንገዱ ይዘጋል። ቀላሉ ዘበኛ ፊውዝ ነው። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ይቀየራል። እንደገና ከተቃጠለ ምክንያት አለውና ምክንያቱ ይፈለግ። በምትኩ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት፣ ወይም የ10 አምፔሩን በ30 መተካት መኪናውን ለእሳት ማዘጋጀት ነው። ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌው አለ። በብዙ መኪናዎች የጥሩምባው ሪሌ ከኮምፕሬሰሩ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ ቁጥራቸውን አመሳክሮ ሁለቱን ማለዋወጥ ጥሩ ፈተና ነው። ኮምፕሬሰሩ ይዞ ጥሩምባው ዝም ካለ ሌባው ተያዘ።

ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው በግፊት መቆጣጠሪያው ዘንድ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆም እንበል። ይህ መቆጣጠሪያ በጋዙ ቧንቧ ላይ የተተከለ ሲሆን ሁለት ነገር ይጠብቃል። ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ በታች ከወረደ ወይም ከ30 ባር ገደማ በላይ ከወጣ ትእዛዙን ይቆርጣል። መውረዱን የሚፈራበት ምክንያት አለው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ተሸክሞ ነው፤ ጋዝ ሲያልቅ ዘይትም አይመለስም፣ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይበላል። ታዲያ አንዳንድ ሰው ምን ያደርጋል? የመቆጣጠሪያውን ሁለት ሽቦዎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኝና «ያዘልህ!» ብሎ ያስረክባል። በእርግጥም ይይዛል። ዘበኛውን አስሮ ቤቱን ክፍት መተው ማለት ይህ ነው፤ ውሎ አድሮ በውነት የሞተ ኮምፕሬሰር የሚገኘው እንዲህ ካለው ሥራ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጋዝ መኖር አለመኖሩ በጌጅ ይለካል። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ መኪኖች የሚጠቀሙበት አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠረፍ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ማቀዝቀዣው ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ25 ዲግሪ ሙቀት ጌጁ 5.6 ባር ገደማ ያሳያል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ባር ያህል ጨምሮ ያነባል። ጌጁ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጋዙ ወጥቷል፣ ዘበኛውም በትክክል ከልክሏል። ጌጁ 5 ባር ገደማ እያሳየ አምፖሉ ካልበራ ግን ከልካዩ የጋዝ እጥረት አይደለም፤ ጋዝ መጨመርም ኮምፕሬሰሩን አያስነሣውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጌጁ 5 ባር አሳየ ማለት ጋዙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። የቤታችንን የቡታጋዝ ሲሊንደር እናስብ። ዛሬ የተሞላውም ሆነ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሲሊንደር፣ ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው፤ መጠኑን የሚነግረን ሚዛን ነው። የመኪናውም ጋዝ እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ጋዙ ያነሰ መኪና መጀመሪያ ይይዝና፣ ኮምፕሬሰሩ ሲስብ ግፊቱ ሲወርድ፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚለቀው። ይዞ መልቀቅ፣ ይዞ መልቀቅ ያየን እንደሆነ ያን ጊዜ ጋዙን እንጠርጥር። ይሁንና ጋዝ እንደ ቤንዚን አይበላም፤ ካነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። የዘይት ወዝና አቧራ አብረው የተለጠፉበትን መጋጠሚያ መፈለግ፣ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው መሙላት።

ግፊቱ ወደ ላይ ሲያልፍም እንዲሁ መልቀቅ አለ፤ ይህ ግን የሚሆነው በብዛት መኪናው ቆሞ፣ ለምሳሌ በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ ወይም ማራገቢያው አልዞር ብሎ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ስለሚያገኝ ይድናል። በውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሞተሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍም በብዙ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ ራሱ ኮምፕሬሰሩን ያስለቅቀዋል፤ ያን ጊዜ መታየት ያለበት ራዲያተሩ ነው።

ስለ ጋዙ አያያዝ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ፈሳሹ ዓይን ላይ ቢረጭ ዓይንን ያቀዘቅዛል፣ ያሳውራል፤ ያለ መነጽር ቧንቧ መፍታት አይገባም። ከእሳት ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጭስ ያወጣል። ወደ አየር መልቀቁም ቢሆን ለኪሳችን ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ጉዳት ነው። በ1980 ዓ.ም. መስከረም (በአውሮፓውያን 1987) የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳውን የቀድሞውን አር-12 ከገበያ አስወጥቷል። ተተኪው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ረገድ አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ያይላል። በዚህም ምክንያት በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት (በአውሮፓውያን 2016) በኪጋሊ በተደረሰው ማሻሻያ እርሱም ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኗል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ክላች ላለው መኪና ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ኮምፕሬሰሩ ክላች የለውም፤ ፑሌጃው ሁልጊዜ ይዞራል፣ የሚጨምቀውን መጠን የሚወስነው በውስጡ ያለ ቫልቭ ነው። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ስላልሰማን ተበላሸ አንበል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሽ ቺንጋ የለውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እነዚህ በየመንገዱ በዝተዋልና አንድ ነገር ይታወቅ። የእነርሱ ኮምፕሬሰር የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ሽቦዎች ሥልጠና የሌለው ሰው አይንካ። የመሞከሪያ አምፖላችን እዚያ ቦታ የለውም።

ምርመራው ተደርጎ ጋዝ መሙላት በእርግጥ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ፣ ከጋራዡ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ የሚያፈሰው ቦታ ከተጠገነ በኋላ ቧንቧው በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይመጠጥ፤ ውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት የሚወጣው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጋዙ በሚዛን ተለክቶ ይግባ። መጠኑ በግራም ተጽፎ ከኮፈኑ ሥር ወይም ከራዲያተሩ በላይ ባለው ብረት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ለትንሽ መኪና በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 ግራም ሲሆን፣ ከኋላም ማቀዝቀዣ ላለው ሚኒባስ ከዚያ ይበልጣል። ወረቀቱ ከተላጠ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይዞ ከመመሪያው መጽሐፍ ማየት ነው።